ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ድምፅ

ጆሮ የሌለው ሰው የለም ትሉ ይሆናል። ተዉት እባካችሁ! እውነተኛ ጆሮ የነበራቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጋሽ ገብረየስ፣ ሁለተኛው እሳቸው ያስተማሩት ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይለኪሮስ። የቀረነው የጆሮ ጌጥ ማንጠልጠያ ነው ይዘን የምንዞረው።

ኃይለኪሮስ ከአዲግራት መጥቶ ሾላ ገበያ ጀርባ አክስቱ ቤት ሲያድግ፣ ጋሽ ገብረየስ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ነበሩ። በንጉሡ ዘመን በጦር ኦርኬስትራ ውስጥ የተጫወቱ፣ ዜማ ሲበላሽ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ልጁን አስከትለው በእግር እስከ መገናኛ ይሄዳሉ። አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ «ይቺ ምንድን ናት?» ይሉታል። «ፋ!» ይላል። «ፋ አይደለችም። ከፋ ትንሽ ወረድ ያለች ናት። ደግመህ ስማ።» እንዲህ እንዲህ እያሉ ጆሮውን ሳሉት። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ሰባራ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሁለቱም ቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ የተወረሰ ሆቴል ይሠሩ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ሰው እንጀራውን ይበላበታል። ባንዱ ዘጠኝ ሰው ነው። ኃይለኪሮስ ኦርጋኑ ላይ ይቀመጣል፤ ጋሽ ገብረየስና ሁለት ባልንጀሮቻቸው በስተግራ ቆመው ቫዮሊን ይመታሉ። ጋሽ ገብረየስ ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አልጋ ከያዙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ታዲያ ሰውየው ጡረታቸው ሳይደርስ ከሥራ ቢወጡ አጨብጭበው መቅረታቸው ነው። ይሄን ባንዱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ያን ዓመት ጓድ ረታ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ከዱቄት ወፍጮ ነው የመጣው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ቁጠባ የሚባል ነገር እንደ ወባ ያንቀጠቀጠው ሰው ነበር። ለስብሰባ ቡልጋሪያ ደርሶ ሲመለስ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ እዚያ ያረፈበት ሆቴል ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻውን፣ በአንድ መሣሪያ ኦርኬስትራ ሙሉ ድምፅ ሲያወጣ አይቷል። «አንድ ሰው ጓዶች! አንድ ደመወዝ!» እያለ በየኮሪደሩ ሰው ያስቆማል።

እንዳጋጣሚ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ቪላ ተከራይቶ የኖረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ከዕቃው መሀል ሁለት ሲንተሳይዘር አለ፤ ሁለቱም የጃፓን ሥራ። ጓድ ረታ ለአንዱ ብቻ የግዥ ፈቃድ አወጣ፤ ሁለቱንም ግን ለሳምንት ለሙከራ አስመጥቶ አዳራሹ ውስጥ አስተከላቸው። ከዚያ ኃይለኪሮስን ጠርቶ፣ «ለእስትሪንግ የሚሆነውን ምረጥ» አለው።

እስትሪንግ የሚሉት ሙዚቀኞቹ ያንን ከዘፋኙ ሥር እንደ ጋቢ የሚነጠፈውን ረጅም፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ነው። ዘፋኙ ይተኛበታል፤ ዋሽንቱ ይሄድበታል። ሲኖር ልብ አትሉትም፤ ሲጠፋ ግን ዘፈኑ ብርድ ይመታዋል። ባንዱ ውስጥ ይሄን ጋቢ የሚያነጥፉት ሦስቱ ቫዮሊኖች ናቸው። ኃይለኪሮስ ይሄን እያወቀ ሥራውን ተቀበለ። ምን ያድርግ? መሣሪያ የወደደ ሰው አእምሮው ሌላ ቦታ ነው።

አዲሱ ሲንተሳይዘር ቀጭን ነው፤ ፊቱ ላይ የሚጫን እንጂ የሚገፋ ነገር የለውም። ደወል ሲያሰማ እሰይ ያሰኛል፤ እስትሪንግ ሲባል ግን መስታወት በመስታወት እንደመፋቅ ይሆናል። አሮጌው ከባድ ነው፤ ጎንና ጎኑ እንጨት ሆኖ ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፉ ትናንሽ ዘንጎች ተደርድረዋል። አንዷ ዘንግ ድምፁ ቶሎ ወይ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ታደርጋለች፤ አንዷ ድምፁን ታጠቁራለች ወይ ታበራለች፤ አንዷ አንዱን ድምፅ ብዙ አስመስላ ታሰፋዋለች።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ ኃይለኪሮስ አሮጌው ላይ ተቀምጦ ዘንጎቹን ሲገፋ ሲስብ ቆየና አራት ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። እግዚኦ! ድምፁ ከወለሉ ተነሳ። ሃያ ሰው አንድ ላይ የሚተነፍስ ይመስላል። ጣቱን ሳያነሳ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሳቀ፤ ብቻውን እንደ እብድ ሳቀ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ዕድሜው እጁ እንዲህ ያለ ነገር ነክቶ አያውቅም። የማታውን ዘፈን ሁሉ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል እያቀያየረ ተጫወተው።

ዘወር ሲል ጓድ ረታ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄ ነው!» አለ ጓድ ረታ፣ እጁን እያጨበጨበ። «ይሄማ ራሱ ቫዮሊን ነው! እንግዲህ እነዚያ ሦስቱ ከዚህ በኋላ ምን ይሠራሉ?»

ኃይለኪሮስ ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋበት ያህል ደነዘዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣ ድምፅስ በምን ይመለሳል? «ጓድ ረታ፣ ይሄ እኮ አሮጌ ነው» ብሎ ቀባጠረ። «ይበላሻል። አዲሱ ይሻላል። ቫዮሊንን ደግሞ መቼም…»

«ከደቂቃ በፊት እየሳቅህ ነበር» አለው ጓድ ረታ። ፊቱ ተለወጠ።

በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ምርጫው ከግለሰብ እጅ ወጥቶ በኮሚቴ ይሆናል። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ሰባት የኮሚቴ አባላት አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መድረኩ በመጋረጃ ይሸፈናል። አድልዎ እንዳይኖር አዲሱ ማሽን፣ አሮጌው ማሽንና ሦስቱ ቫዮሊኖች በዕጣ ተራ ቁጥር ወጥቶላቸው አንድ ዜማ ከጀርባ ይጫወታሉ። ኮሚቴው የትኛው ቫዮሊን እንደሆነ እጅ አውጥቶ ይለያል። ቫዮሊኖቹን ከለየ ግዥው ይሰረዛል፤ ቫዮሊኖቹም ይቀጥላሉ። አንዱን ማሽን ቫዮሊን ነው ካለ ግን ያ ማሽን ይገዛል፤ ሦስቱ ሰዎች ትርፍ የሰው ኃይል ሆነው ይሰናበታሉ።

ወይ ጉድ! ሰው ሃያ ስምንት ዓመት የኖረበትን ሙያ በመጋረጃ ጀርባ ሰው መሆኑን እንዲያስመሰክር ይጠየቃል?

ጋሽ ገብረየስ ማስታወቂያውን መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ፤ መነጽሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ኃይለኪሮስ ግን ያን ሌሊት ሐሳቡን ቆረጠ። ማሽኖቹን የሚጫወተው እሱ አይደል? አሮጌውን ያበላሸዋል። አንዷን ዘንግ ወደ ታች፣ ሌላዋን ወደ ላይ፤ በቃ። የወደቀ ቆርቆሮ ይሆናል። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

አርብ ዕለት ጓድ ረታ ቢሮው አስጠራው። ወንበር አላቀረበለትም።

«አሻጥር የሚባል ነገር ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጓድ።»

«የመንግሥት ሀብት ላይ ሲሠራ ቅጣቱንም ታውቃለህ። ማክሰኞ የሰማሁትን ድምፅ እኔ አልረሳሁትም።» ወረቀት አገላበጠ። «ታናሽ ወንድምህ ትግራይ ነው አሉ። ደብዳቤ ይጽፍልሃል?»

የኃይለኪሮስ ወንድም ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የት እንደገባ አንድ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ሰዎች ግን በረሃ ወጣ ይላሉ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ወንድም መኖር ብቻውን ከበቂ በላይ ነው። «አይጽፍልኝም» አለ።

«ነገ ጓድ ዘርትሁን ከመጋረጃው ጀርባ ካንተ ጋር ይሆናል» አለው ጓድ ረታ። ዘርትሁን የአብዮት ጥበቃ ነው፤ ከትከሻው ጠመንጃ የማይወርድ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ሰው የሚደነግጥለት።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ሰባቱ አባላት ተቀመጡ፤ ሒሳብ ሹሙ፣ ንብረት ክፍሉ፣ የወጥ ቤት ኃላፊዋ፣ ሁሉም። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለቱ ማሽኖች ግራና ቀኝ ተተክለዋል፤ ሦስቱ ቫዮሊኖች መሀል ቆመዋል። ዘርትሁን ከመጋረጃው ጥግ ተደግፎ ዓይኑን የኃይለኪሮስ እጅ ላይ ተክሏል። ዕጣው ሲወጣ አንደኛ አሮጌው ማሽን ሆነ።

ኃይለኪሮስ አስቀድሞ፣ ገና ዘርትሁን ሳይመጣ፣ ዘንጎቹን አበላሽቷቸዋል። ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ያ ሃያ ሰው የሚተነፍስበት ድምፅ አኮርዲዮን የረገጡት ይመስል ጮኸ። አንድ ቤት፣ ሁለት ቤት ተጫወተ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ።

«አቁም!» ጓድ ረታ ነው። «ይሄ ማክሰኞ የሰማሁት አይደለም። ማሽኑ ምን ሆነ? ሰው ምን አደረገው?»

ዘርትሁን ከመጋረጃው ተላቀቀና ወደ ኃይለኪሮስ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አልሞቀም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ቫዮሊናቸውን ብብታቸው ውስጥ ይዘው ወደ መጋረጃው ዞረዋል። «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ካልሞቀ ልኩን አያገኝም። ሩብ ሰዓት ይሰጠን።»

ከመጋረጃው ወዲያ ማንሾካሾክ ሆነ። «ሩብ ሰዓት» አለ ጓድ ረታ። «ዕጣውም እንደገና ይወጣል። ሁለተኛ ይሄን ከሰማሁ ግን ጉዳዩ ከዚህ ኮሚቴ እጅ ይወጣል።» ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ያላየ ሰፈር የለም።

ጋሽ ገብረየስ ቫዮሊናቸውን ለባልንጀራቸው ሰጥተው መጡና ኃይለኪሮስ አጠገብ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አዳራሹ እንዳይሰማ የማሽኑን የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው አነሱ። አንዱን ወገን በሱ ጆሮ ላይ፣ አንዱን በሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉ፤ ጭንቅላትና ጭንቅላታቸው ገጠመ። «ያዝ» አሉት፣ ወደ ቁልፎቹ እያመለከቱ። «ላ ሚኑርን ያዝ።»

«ጋሼ ይተዉት» አለ ኃይለኪሮስ በሹክሹክታ። «ይውሰዱኝ፤ ግድ የለም። እርስዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት።»

«እኔ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ላንተስ ስንት ነው የቀረህ?» አሉት። «ያዝ አልኩህ!»

ያዘ። ጋሽ ገብረየስ ጣታቸውን የመጀመሪያዋ ዘንግ ላይ አኑረው ቀስ እያሉ ገፏት። ዘርትሁን አንገቱን አስግጎ፣ «ሽማግሌው ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«እያሞቅሁት ነው ልጄ። ብረትም ይበርደዋል» አሉት፤ ዓይናቸውን ሳያነሱ። ከዚያ ለኃይለኪሮስ፣ «ማክሰኞም ተሳስተሃል። ከጓዳ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። በጣም አዘግይተኸዋል። ቀስት እንዲህ አይነሳም። ቀስት ሲነሳ ትንሽ ይነክሳል፤ ከዚያ ነው የሚለሰልሰው። ሰማህ? እዚህ ጋ።» ዘንጓ ቆመች። በሁለተኛዋ ድምፁን አጠቆሩ። ሦስተኛዋን ወደ ላይ ገፏት፤ መለሷት፤ የጥፍር ታህል እንደገና ገፏት። «ይቺ ብዙ ሰው ታስመስላለች። ብዙ አታብዛ፤ ሦስት ሰው ይበቃል። ሦስት ጥሩ ሰው።»

በማዳመጫው ውስጥ ኃይለኪሮስ የሰማውን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጋሽ ገብረየስን ሰማቸው። ያ ከግድግዳው ወዲያ ልጅ ሳለ ሲሰማው ያደገው ድምፅ፣ ከሳቸው ክንድ ተነቅሎ ማሽን ውስጥ ገባ። እንባው ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። ጋሽ ገብረየስ በመሐረባቸው ጠረጉና፣ «መሣሪያ ላይ አይለቀስም፤ ይዝጋል» አሉት። «ደግሞ እንደ ቅድሙ ያለ አስቀያሚ ድምፅ እኔ አጠገብ አይወጣም። እንኳን ለጡረታ ለገነትም አልታገሥም።»

በሬ ካራጁ ይውላል ሲሉ ሰምታችኋል። እሳቸው ግን ቢላዋውንም ስለውለት ነው የዋሉት።

ዕጣው ሲወጣ አንደኛ አዲሱ ማሽን ሆነ፤ ሁለተኛ ቫዮሊኖቹ፤ ሦስተኛ አሮጌው። አዲሱን ኃይለኪሮስ ሲጫወተው የወጥ ቤት ኃላፊዋ «ይሄማ ደወል ነው» ብለው ሌሎቹን አሳቁ። ቀጥሎ ጋሽ ገብረየስ ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር አስገቡ። ሆን ብለው ያበላሻሉ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሰውየውን አታውቋቸውም። በሙሉ ክንዳቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫወቱት። ባልንጀሮቻቸው ግን ፈርተዋል፤ የአንዱ ቀስት ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ኃይለኪሮስ በቀኝ በኩል አሮጌው ላይ ተቀመጠ። ዘንጎቹን አልነካቸውም። ጣቱን ሲያሳርፍ ዘርትሁን እንኳ ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገ። ዜማው ሲያልቅ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ሴት ስትተነፍስ ተሰማች።

«አንደኛው ቫዮሊን ነው የምትሉ?» አለ ጓድ ረታ። ማንም የለም። «ሁለተኛው?» ዘርትሁን በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ ለሙዚቀኞቹ ሁለት ጣት አሳያቸው። «ሦስተኛው?» አምስት።

መጋረጃው ተከፈተ። ጓድ ረታ መድረኩ ላይ ወጥቶ የኃይለኪሮስን እጅ ጨብጦ ወዘወዘው። ኮሚቴው አጨበጨበ። ከሁሉም አድምቀው ያጨበጨቡት ግን ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ቀስታቸውን ጥርሳቸው ውስጥ ይዘው፣ በሁለት እጃቸው። ኃይለኪሮስ ሊያያቸው አልቻለም። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ።

ሰኞ ለሦስቱ የስንብት ደብዳቤው ደረሳቸው፤ ረቡዕ ማሽኑ ተገዛ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞላ። ትዝታ ሲጀመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ከመቀመጫው ተነሣ። የሰውየው ልማድ ነው፤ ትዝታ ላይ ሁልጊዜ ብር በምራቁ አርሶ ሊሸልም ይወጣል፤ የሚለጥፈውም ጋሽ ገብረየስ ግንባር ላይ ነው። ዓይኑን ግማሽ ጨፍኖ፣ ትከሻውን እየሰበቀ ወደ ግራ ሄደ። ቆመ። ቦታው ባዶ ነው። ድምፁ ግን አለ። ብሩን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ግራ ቀኝ አየ፤ ከእስፒከሩ ኋላ አጎንብሶ ሳይቀር አየ።

«የት አሉ?» አለ ኃይለኪሮስን። «ባለቫዮሊኑ የት አሉ?»

ኃይለኪሮስ እጁን ማንሳት አይችልም፤ ዘፋኟ ዘፈኑ መሀል ላይ ናት። በአገጩ ወደ ማሽኑ አመለከተ። ሰውየው ማሽኑን አየው፤ ኃይለኪሮስን አየው። አልሳቀም። ብሩን ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ወደ ቦታው ሳይሆን ወደ በሩ ሄደ። ኃይለኪሮስ ትዝታውን እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ሌላ ምን ያድርግ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሾላ ጋሽ ገብረየስ ቤት ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ እግሩ እምቢ ብሎት ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት አልጋቸው ላይ ሆነው «ግባ ልጄ» አሉት። ጋሽ ገብረየስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቫዮሊናቸው ተሰቅሏል። ኃይለኪሮስ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ትናንት የሆነውን ነገራቸው።

ጋሽ ገብረየስ ብሩን አላዩትም።

«ሦስተኛዋን ዘንግ ነካሃት?»

«አልነካኋትም ጋሼ።»

«ማታ ሲበርድ ትወርዳለች። የጥፍር ታህል ወደ ላይ አድርጋት» አሉትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።